ናይጄሪያን በልቦለድ ለመዞር ከየት ልቀጥል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች። ናይጄሪያን ከአካባቢ አካባቢ በልቦለድ እየዞርኩ ነው። እስካሁን የቺኑዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» (እ.ኤ.አ. 1958) ብቻ ነው ያነበብኩት። የምሥራቅ ናይጄሪያዎቹ የኢግቦ ሕዝቦች ገጠር ነው፤ የወንድ ልጅ ሀብት በያም (እንደ ቦዬ ያለ የሥር ምግብ) ጎተራው የሚለካበት። ቀጥሎስ?

መልስ 1፦ ምን ያስቸኩልሃል፣ እዚያው ምሥራቅ ቆይ እንጂ! የቺማማንዳ አዲቼን «ሃፍ ኦፍ ኤ የሎው ሰን» ያዝ። መጀመሪያ ንሱካ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ምሁራኑ ሳሎን ውስጥ እየጠጡ ሲከራከሩ ትሰማለህ፣ ከዚያ ምሥራቁ ቢያፍራ ተብሎ ሊገነጠል ሲል የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1967–1970) ይመጣና ያ ሁሉ ሰው ይበተናል። እኔ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ 2፦ ወደ ምዕራብ ከሆነ የቺጎዚ ኦቢዮማ «ዘ ፊሸርመን»። ቦታው አኩሬ ነው። ወንድማማቾች ተደብቀው ወንዝ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ አንድ እብድ ትንቢት ይናገርባቸዋል፣ ከዚያ በቃ ቤቱ ይታመሳል። ልብ በል ግን፣ ከተማው የምዕራቦቹ የዮሩባ ሕዝቦች ነው፣ ቤተሰቡ ኢግቦ።

ጠያቂ፦ ሰሜኑስ?

መልስ 3፦ የአቡባካር አዳም ኢብራሂም «ሲዝን ኦፍ ክሪምሰን ብሎሰምስ»። የሙስሊም መበለትና የወጣት ዱርዬ ፍቅር ነው። ታሪኩ ዋና ከተማዋ አቡጃ ዳር ነው የሚሆነው፣ የሴትየዋ ኑሮና ይሉኝታ ግን የሰሜን ነው።

ጠያቂ፦ ይሄማ ዛሬውኑ ይጀመራል!