እማዬ የገዛችው ዱቄት ላይ ያሉት ምልክቶች ምንድናቸው? ትቀጥል ወይስ ታቁም?

የቀፊራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሰላም ናችሁ፣ በናታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ ተጨንቄያለሁ። እማዬ 61 አመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት፣ መድሃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ጣቶቿ መሀልና ሆዷ ላይ ያሳክካታል፣ ማታ ማታማ ጭራሽ እንቅልፍ የላትም። ጎረቤታችን የሆነ ሰው ጋ ወሰደቻትና ሰውዬው «ሰውነትሽ ሚዛኑን ስቷል» ብሎ ሶስት ላስቲክ ዱቄት ሸጠላት። ቢጫው ላይ ሶስት ማዕዘን ከስሩ መስቀል ያለው ስዕል አለ። ነጩ ላይ ክብ ነው፣ መሀሉን አግድም መስመር ቆርጦታል። ሶስተኛው ቀይ ነው፣ ከበርበሬ ይደምቃል፣ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ነገር እጄ ላይ ሳደርገው ክብደቱ አስደነገጠኝ፣ ምልክቱም ክብ ሆኖ ከላይ ቀንድ ከስር መስቀል አለው። ወረቀቱ ላይ ቢጫው ነፍስ፣ ቀዩ መንፈስ፣ ነጩ ሥጋ ነው፣ ሶስቱ ሲስተካከሉ በሽታው ይወጣል ይላል። ነጩን በሞቀ ውሃ በጥብጣ ትጠጣለች፣ ቢጫውን ትቀባለች፣ ቀዩን ግን በማር በባዶ ሆዷ ትውጣለች፣ ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው። ከትናንት ጀምሮ «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» እያለች ነው፣ ሰውዬው ጋ ስንደውል ቆሻሻው እየወጣ ነው አለን። ምን ላድርግ?

ፋርማሲ ነኝ (ድሬ፣ ከዚራ)
እህቴ ሌላውን በኋላ እናወራለን፣ ቀዩን አሁኑኑ አስቁሚያት። ቀይና ከባድ ስትይ ነው የደነገጥኩት። ባዜቃ (ሜርኩሪ የሚሉት ፈሳሽ ብረት) ከድኝ ጋር የተዋሀደበት ሲናባር የሚባል ማዕድን አለ፣ ደማቅ ቀይ ነው፣ በጣም ይከብዳል። ነው አላልኩም፣ የእርሳስ ቀይ ዱቄትም አለ፣ ተራ ቀይ አፈርም ሊሆን ይችላል፣ በአይን ማንም አይለየውም። ግን ባዜቃም እርሳስም ኩላሊትና ነርቭ ነው የሚጎዱት፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ማምጣትም ያውቁበታል። የግፊት መድሃኒትም አንዳንዱ ጣዕም ይቀይራል፣ ስለዚህ መገመቱን ትተሽ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰጃት፣ ሶስቱንም ላስቲክ ከነወረቀቱ ይዘሽ ሂጂ። የግፊት መድሃኒቷን ግን እንዳታቋርጥ! ዱቄቱንም እሳት ውስጥ እንዳትጥይው፣ ሲናባር ከሆነ ሲሞቅ የባዜቃ ትነት ይወጣዋል፣ ቤት ያላችሁት ሁሉ ትተነፍሱታላችሁ። ላስቲኩን አስረሽ ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ ክተቺው።

የጁገል መምህር (ሐረር)
ፋርማሲው ያለው ይቅደም። እኔ ስለ ምልክቶቹ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እናትሽን ያሳመናት ወረቀቱ ይመስለኛል። ምልክቶቹ የአልኬሚ፣ ተራውን ብረት ወርቅ ለማድረግ ይሞክር የነበረው የድሮ ጥበብ ናቸው፣ እውነተኛም ናቸው። ሶስት ማዕዘን ከነመስቀሉ ድኝ ነው፣ በአግድም የተቆረጠው ክብ ጨው፣ ቀንዳሙ ባዜቃ፣ እሱኑ ለፕላኔቷ ሜርኩሪም ይጠቀሙበታል። ሚዛን የሚለውም ቃል ከሰውዬው አልመጣም፣ በ8ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ በሚነገርለት በጃቢር ኢብን ሀያን ስም በአረብኛ በተጻፉት ድርሳናት ውስጥ «ኢልም አል ሚዛን» የሚባል ትምህርት አለ፣ ቃሉ የእኛው ሚዛን ነው። እዛ ብረታ ብረት ሁሉ ከድኝና ከባዜቃ ነው የሚፈጠረው ይላል። ጨውን ሶስተኛ አድርጎ የጨመረው ከ1493 እስከ 1541 የኖረው የስዊዘርላንዱ ሀኪም ፓራሴልሰስ ነው፣ ነፍስ መንፈስ ሥጋ የሚለውም የእሱ ነው።

አሁን ይቺን ነገር ለእናትሽ አስረጂልኝ። ፓራሴልሰስ ሲያስተምር እንጨት ሲነድ ነበልባሉ ድኙ ነው፣ ጭሱ ባዜቃው ነው፣ አመዱ ጨው ነው ይል ነበር። ምድጃ ስር ተቀምጠሽ እንጨቱ ውስጥ ባዜቃ ፈልጊ ብትባዪ ጠብታ አታገኚም! የሚነደውን፣ የሚተነውንና የሚቀረውን ነው በስም የጠራው፣ ነገሩን ማሰቢያ ነው። ሰውዬው ግን ስዕሉን ወስዶ ዱቄት አደረገው፣ እናትሽን ማሰቢያውን በማር አስዋጣት። እውነት ለመናገር ራሱ ፓራሴልሰስም ቂጥኝን በባዜቃ ያክም ነበር፣ በዛ ህክምና ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸው የረገፈ ብዙ ናቸው። መጠን ነው መርዙን የሚለየው ብሎ በ1538 የጻፈውም እሱ ነው። እናንተ ወረቀት ላይ ስንት ግራም ይላል? መጠን ያልተጻፈበት ሚዛን ምን አይነት ሚዛን ነው፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

አቦ ደቻቱ (ድሬ)
አቦ ሁሉንም ባንድ ላይ አታጥፉት እንጂ። አያቴ ቆዳዋን ሲያማት ኤረር ፍል ውሃ ወርዳ ስትታጠብ ይሻላት ነበር፣ ድኝም በቅቤ ለውሳ ትቀባን ነበር፣ ወላሂ እከክ ለቆናል። ማዕድን መድሃኒት አይደለም ማለት አይቻልም።

ፋርማሲ ነኝ (ድሬ፣ ከዚራ)
አቦ ደቻቱ ልክ ነህ፣ ድኝ ለእከክ ዛሬም በቅባት ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ተደርጎ ይሰጣል፣ ለህጻንና ለነፍሰ ጡርም ይታዘዛል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደገባ መታወቁና ቆዳ ላይ መቅረቱ ነው። የቀፊራዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ጣት መሀል፣ ሆድ ላይ፣ ማታ የሚብስ ብለሻል፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያከው ሰው አለ?

የቀፊራ ልጅ (ድሬዳዋ)
አዎ! ትንሹ ወንድሜ ከሳምንት በፊት ጀምሯል፣ ሙቀቱ ነው ብለን ነበር።

ፋርማሲ ነኝ (ድሬ፣ ከዚራ)
እንግዲያው እከክ ሊሆን ስለሚችል እዛው ሀኪሙ ይየው። ከሆነ የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ነው የሚታከመው፣ ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ካለዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ይኖራል። ነጩንም አቁሙት፣ ጨው ከሆነ ለግፊቷ ጠላት ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ወጡ ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

እናት (ሐረር፣ ሸዋ በር)
የኔ እህት፣ ያ ሰውዬ ኩል ሸጦላችሁ ከሆነ እሱንም ይዘሽ ሂጂ። እኔ ልጄን በተወለደ በሳምንቱ ኩል ተኩዬው ነበር፣ እናቴም እንደዛ ነው ያሳደገችኝ። በኋላ ነርሷ አንዳንዱ ኩል እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው የሚፈጨው፣ ልጅ አይኑን አሽቶ እጁን አፉ ይከታል ስትለኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዛን ቀን ወዲህ ለልጅ አላስነካም። እናትሽን ግን አትቆጫት፣ አሳክኳት እንቅልፍ ያጣች ሰው የተሰጣትን ነው የምትወስደው።

የቀፊራ ልጅ (ድሬዳዋ)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ወስደናት መጣን። ሀኪሙ ቀዩን ላስቲክ እጁ ላይ መዘን መዘን አደረገና ዝም አለ፣ ከዛ የኩላሊት ምርመራ ደምና ሽንት አዘዘ። የዛሬው ውጤት ደህና ነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፣ ዱቄቱን እሱ ጋ አስቀረው። ማሳከኩ እከክ ነው፣ ለስድስታችንም ቅባት ሰጠን፣ አንሶላው ሁሉ በርሜል ውስጥ እየተቀቀለ ነው። መምህር፣ የእንጨቱን ነገር ማታ ቡና ሲፈላ ነገርኳት፣ ከሰሉን ትንሽ አየችና «ታዲያ እኔ ምኑን ነበር የዋጥኩት?» አለችኝ። ወረቀቱን ራሷ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፣ ጎረቤታችንም ስለገዛች ነገ ቤቷ ሄዳ ልታሳያት ነው።