ታራንቱላዬ (ትልቋ ፀጉራም ሸረሪቴ) በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ጉልበተ ቀይዋ የሜክሲኮ ታራንቱላዬ ምግብ እምቢ ካለች 5 ሳምንት ሆናት። ዛሬ ጠዋት ሳያት በጀርባዋ ተንጋላለች። ትናንት የሰጠኋት ፌንጣ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ይዘላል። ሞታብኝ ይሆን? እባካችሁ ድረሱልኝ።

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ ቆዳዋን ልትቀይር ነው። የምትሞት ታራንቱላ አብዛኛውን ጊዜ እግሮቿን ከሥሯ አጣጥፋ ነው የምትገኘው። ፌንጣውን ግን አሁኑኑ አውጪው፤ ገና ያልጠነከረ ገላዋን ይነክሳታል። ደግሞ እንዳትነኪያት! እኔ የመጀመሪያዋን ልገለብጣት ስሞክር አንድ እግሯን አሳጣኋት። በቀጣዮቹ የቆዳ ለውጦች እግሯ ቢበቅልም እስካሁን ይቆጨኛል።

መልስ 2፦
የወለቀውን ቆዳ እንዳትጥዪው። ለማራባት ካሰብሽ ፆታዋን የሚነግርሽ እሱ ነው። በውሃ አርሰሽ የሆዱን በኩል ቀስ ብለሽ ዘርጊው፤ ከ4ቱ ሳንባዎች በፊተኞቹ 2 መካከል የወንዱን ዘር የምታከማችበት ከረጢት ካየሽ ሴት ናት። ፎቶም ልታነሻት ከፈለግሽ ቀለሟ የሚደምቀው ቆዳዋን እንደቀየረች ነው፤ ብርሃኑን ከጎን አድርጊው፣ ፀጉሯ አንድ በአንድ ይታያል።

ጠያቂዋ፦
ከአሮጌ ቆዳዋ ወጣች! ጥርሶቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው። መቼ ላብላት?

መልስ 1፦
እልል! ጥርሶቿ ጥቁር እስኪሉ ጠብቂ፤ ለትልቅ ታራንቱላ 2 ሳምንት ያህል። እስከዚያ ውሃ ብቻ አይጉደልባት።