ባክአፑ 4 ጊጋ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ፤ ከሰርቨር ወደ ዴስክቶፕ እንዴት ላውርደው?

የአዳማዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቢሯችን የሒሳብ ፕሮግራም ኡቡንቱ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው። በየዓርቡ ባክአፑን ፋይልዚላ በሚባለው ፋይል ማውረጃ ፕሮግራም ወደ ዴስክቶፔ አወርዳለሁ፤ ዊንዶውስ 10 ነው። እስካለፈው ወር ምንም ችግር አልነበረም። አሁን ፋይሉ 4.6 ጊጋ ደርሷል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም 4 ቢሊዮን 294 ሚሊዮን ባይት ገደማ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ኬብልም ቀየርኩ። ሰርቨሩ እየሞላ ስለሆነ ከዚያ ላይ ያለውን ቶሎ ማጥፋት አለብኝ። እባካችሁ እርዱኝ።

ባለ ጥገናው፦
እህቴ፣ ታይምአውት፣ ማለትም ፕሮግራሙ መልስ ሲጠብቅ ጊዜው አልፎበት መቋረጡ፣ ሊሆን ይችላል። ፋይልዚላ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ከ20 ሰከንድ ወደ 120 ከፍ አድርጊውና ሞክሪ።

ሊኑክስ ወዳጅ፦
ታይምአውት አይመስለኝም። የመስመር ችግር ቢሆን አንዴ 1 ጊጋ ላይ፣ ሌላ ጊዜ 3 ላይ ነበር የሚቆመው። ሦስቴም እዚያው ላይ ከቆመ ነገሩ ሌላ ነው። የምታወርጂው የት ላይ ነው? ዴስክቶፑ ውስጥ ባለው ዲስክ ነው ወይስ ፍላሽ ላይ?

የአዳማዋ፦
ዲ ላይ ነው። በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ነው። ግን 300 ጊጋ ባዶ ቦታ አለው እኮ!

ሊኑክስ ወዳጅ፦
በቃ ተገኘ። ዲ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቺ። ፋይል ሲስተም (ዲስኩ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሠራር) ከሚለው ጎን ፋት32 የሚል ሳታገኚ አትቀሪም። ፋት32 አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት እንዲበልጥ አይፈቅድም። ባዶ ቦታው የፈለገውን ያህል ቢሆን ለውጥ የለውም። አንቺ የጻፍሽው ቁጥር ራሱ ነው የነገረኝ።

ለዛሬ ሲ ላይ አውርጂው። ሲ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ስለሆነ ይህ ገደብ የለበትም። ዲስኩን ግን አደራ ፎርማት እንዳታደርጊ፤ የቆዩት ባክአፖችሽ እዚያ ናቸው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ኮንቨርት በሚለው ትእዛዝ ወደ ኤንቲኤፍኤስ መቀየር ይቻላል። ውስጡ ያለው ፋይል አይጠፋም። ቢሆንም መሃል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ኮፒ ያዢ።

ዳታቤዝ ጠባቂ፦
እኔን ያሳሰበኝ ማጥፋቱ ነው። ወርዶ አለቀ ማለት በትክክል ወረደ ማለት አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ሻ256ሰም የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ስጪው። ዴስክቶፕሽ ላይ ደግሞ በፓወርሼል ጌት ፋይልሃሽ በዪ። ሁለቱም ከፋይሉ ይዘት የተሰላ፣ እንደ አሻራው የሚቆጠር 64 ፊደልና ቁጥር ያወጡልሻል። ዊንዶውስ ፊደሉን በትልቁ ስለሚጽፈው አትደንግጪ፤ ልዩነት የለውም። ከዚያ ውጪ አንዲት ፊደል ብትለይ ግን እንደገና አውርጂ። ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ ሰርቨሩ ላይ ያለውን እንዳትነኪ።

ባለ ጥገናው፦
ልክ ነው፣ የእኔን ተይው። ዲስኩን ሳልጠይቅ ነው የመለስኩት። አንድ ልጨምር፦ ባክአፑ ተሠርቶ ሳያልቅ ማውረድ አትጀምሪ። እየተጻፈ ያለ ፋይል ከወረደ ጎዶሎ ነው የሚሆነው።

የአዳማዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! እውነትም ፋት32 ይላል። ሲ ላይ በ8 ደቂቃ ወረደልኝ። 64ቱንም አንድ በአንድ አየሁ፤ ገጥሟል። ያልጨረሰውን ቁራጭ ከዲ ላይ አጥፍቻለሁ። ኮንቨርቱን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ጸጥ ሲል አደርገዋለሁ። እስከዚያ የቆዩትን ወደ ሲ እየገለበጥኩ ነው።