ዲስኮን በሕይወት ያቆየው ትዝታ ነው ወይስ አሠራሩ?

አወያይ፦ አንድ አባላችን «የዲስኮ ምሽት የድሮ ዘመን ናፍቆት ነው፤ ናፋቂዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል» ብሎ ጽፏል። የምትስማሙም የማትስማሙም ምክንያታችሁን በዝርዝር አስቀምጡ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።)

ባለ ከበሮ፦ አልስማማም። ዲስኮ በገነነበት በ1977 ያልተወለደ ወጣት ምኑን ይናፍቃል? የሚያስነሣው ምቱ ነው። ትልቁ ከበሮ አራቱንም ምት እኩል ይመታል፤ ሃይ-ሃቱ (በእግር የሚከፈተውና የሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል) በምቶቹ መካከል ይከፈታል። አንዱ እግርን ወደ መሬት ሲጥል ሌላው ያነሣዋል። ከበሮ መቺው ኧርል ያንግ በ1973 ፊላዴልፊያ ውስጥ ሲጫወተው የነበረው ይህ አመታት ነው። ዛሬም በየጭፈራ ቤቱ የሚሰማው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አብዛኛው በዚሁ ላይ ቆሟል።

ናፍቆት ነው ባዩ፦ ያልኖሩበትን ዘመንም መናፈቅ ይቻላል፤ ልብሱና የመስታወት ኳሱ ለዚህ ይበቃሉ። ደግሞ ልብ በሉ፦ በብዙ ምሽቶች የሚደጋገሙት ያው የታወቁ ዘፈኖች ናቸው። ሰው አዝማቹን አብሮ ይጮሃል፤ አዝማቹ ሲያልቅ መድረኩ ይሳሳል። ሙዚቃው ራሱ የሚስብ ቢሆን ኖሮ ሰው ለምን ይቀመጣል?

ባለ ሸክላ፦ መድረኩ መሳሳቱ እውነት ነው። ጥፋቱ ግን ለሬዲዮ የተቆረጠውን የሦስት ደቂቃ ቅጂ ከሚያጫውተው ዲጄ ነው። በትንሿ ባለ 7 ኢንች ሸክላ ላይ ዘፈን ሲረዝም መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ያኔ ድምፁ ይደክማል፣ ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) ይቀንሳል። የዘፈን አቀናባሪው ቶም ሞልተን ዘፈኖችን ለጭፈራ እያስረዘመ ማቀናበሩ፣ ቀጥሎም ባለ 12 ኢንች ሸክላ መምጣቱ ይህን ፈታው። በ1976 ለገበያ የቀረበውና ዲጄ ዋልተር ጊበንስ ያቀናበረው «ቴን ፐርሰንት» የተባለ ዘፈን ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በእንዲህ ያለው ቅጂ ድምፃዊው ዝም ይላል፣ የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎቹም ይወጣሉ፤ ከበሮና ቤዝ ብቻ ይቀራሉ፤ ከዚያ ሌላው አንድ በአንድ ይመለሳል። ጨፋሪው ራሱን ለጭፈራው የሚለቀው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። እሱን ቆርጦ አዝማቹን ብቻ ያጫወተ ሰው «መድረኩ ሳሳብኝ» ሊል አይችልም።

አንዱን ዘፈን ከሌላው ማገናኘቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዚያን ጊዜ ከበሮ በሰው እጅ ስለሚመታ ፍጥነቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። ኮምፒውተር በመግቢያው ለክቶ የሚያሰምረው የምት መስመር መጨረሻው ላይ ይስታል፤ ሁለት ከበሮም ተደራርቦ ይንኳኳል። መፍትሔው መስመሩን ከዘፈኑ በምትወጣበት ክፍል ላይ እንደገና መትከል ነው። ዘፈኑን በሙሉ ቀጥ አታድርጉት፤ የከበሮውን ወዝ ይገድለዋል። በሸክላ ማጫወቻ ደግሞ የተለመደው የፍጥነት ማስተካከያ በ8 ከመቶ የተወሰነ ነው። በደቂቃ 110 ምት ያለው ዘፈን ቢበዛ ወደ 119 ይደርሳል፤ 126 ካለው ጋር በቀጥታ አይገጥምም። 6 ከመቶ ስታፈጥኑት ድምፁ ግማሽ ቶን ያህል ስለሚወጣ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል። መሐል ላይ 117 የሆነ ዘፈን አስገቡ።

ድምፅ ተቆጣጣሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የዚያ ዘመን ቅጂ ድምፁ ከዛሬዎቹ ዝቅ ይላል፤ ዲጄው በማስተር (በጠቅላላው ድምፅ መቆጣጠሪያ) ሊያካክስ ሲሞክር የድምፅ ማደባለቂያው ከልክ ማለፉን የሚያሳየውን ቀይ መብራት ያበራና ሃይ-ሃቱ ጆሮ ይበሳል። የየቻናሉን ጌን (የመግቢያ ድምፅ መጠን) ከፍ አድርጉ፣ ማስተሩን አትንኩ። ሸክላ ማጫወቻውንም ከቤዝ ስፒከር አርቁት፤ አለዚያ መርፌው የስፒከሩን ንዝረት መልሶ ይቀበልና ማጓራት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው ወሰን በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው፤ በደንብ የተስተካከለ ሥርዓት ከዚያ በታችም ያስጨፍራል።

ዳንስ አስተማሪ፦ ስለ እግሩ ማንም አላነሣም! ሃስል የተባለው የዲስኮ የጥንድ ዳንስ በሦስት ምት አራት እርምጃ ነው፦ «እና-አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት»። ሙዚቃው ግን በአራት ይቆጥራል። ስለዚህ እርምጃውና ሙዚቃው መነሻቸው ላይ እንደገና የሚገናኙት ከ12 ምት በኋላ ነው። ጀማሪ አራተኛው ምት ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጥንዱም ይሰበራል። ሳትቆሙ ቀጥሉ። ይህ መሳሳብ ለሰዓታት አይሰለችም፤ ትዝታም አያስፈልገውም።

ናፍቆት ነው ባዩ፦ ታዲያ በጁላይ 12 ቀን 1979 በቺካጎ የቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ዲስኮን በመቃወም የዲስኮ ሸክላ ሲፈነዳ ለምን ጨፈረ?

ባለ ሸክላ፦ ዲስኮ ያደገው በኒውዮርክ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጨፈሪያዎች ነው። የዚያ ቀን ጥላቻ በእነሱ ላይም ያነጣጠረ እንደነበር ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ደግሞ በዚያው ከተማ ዲጄ ፍራንኪ ነክልስ ዌርሃውስ በተባለው ክለብ ዲስኮውን እየቆራረጠና እያስረዘመ ማጫወቱን አላቆመም፤ ሃውስ የተባለው የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ ከዚያ ወጣ።

ናፍቆት ነው ባዩ፦ ምቱ እንደማይሞት ተቀብያለሁ። «የዲስኮ ምሽት» ተብሎ በልብስና በኳስ የሚሸጠውን ግን አሁንም አልተቀበልኩም። ሙሉውን ቅጂ የሚያጫውት ምሽት ጥሩልኝ፣ እመጣለሁ።

ባለ ሸክላ፦ ስትመጣ የመጀመሪያውን ሰዓት እንዳያመልጥህ። ጥሩ ዲጄ በደቂቃ ከ105 ምት ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ እኩለ ሌሊት የደረሰ ሰው አዝማቹን ብቻ ያገኛል።