የ1978 ሼቭሮሌት ሲ-10ን ወደ አንድ ሰፊ ችንጋ መቀየር

ጥያቄ፦ ሰላም ጓዶች። ሞተሩ 350 (ኪዩቢክ ኢንች) ነው፣ ችንጋዎቹ የድሮዎቹ ቪ ቅርጽ ያላቸው ናቸው፤ በአንድ ሰፊ ችንጋ ልተካቸው ነው። ከ1990 ፒክአፕ የወጣ ሙሉ የፊት ዕቃ አለኝ፦ ብራኬት፣ ፑሌጃ (ችንጋው የሚዞርበት)፣ ዲናሞ፣ ቴንሽነር (ችንጋውን የሚወጥረው)። የውሃ ፓምፑን ግን የራሴን ላቆየው? ገና አዲስ ነው።

መልስ፦ እንዳታደርገው! በዚህኛው አገጣጠም ፓምፑን የሚያዞረው የችንጋው ለስላሳ ጀርባ ስለሆነ በተቃራኒው ይዞራል። የድሮው ወደ ኋላ ሲዞር ውሃ በቅጡ አይገፋም፣ ሞተሩ ይግላል። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ስትገዛ የዙረቱን አቅጣጫ ጠይቅ።

መልስ፦ ፋኑም ከራሱ ክላች (ከፓምፑ ከሚያያይዘው) ጋር የ1990ው ይሁን። የድሮው ተገልብጦ ሲዞር አየሩን ወደ ራዲያተሩ መልሶ ይገፋዋል። ስትነዳ ላይታወቅህ ይችላል፣ ትራፊክ ላይ ስትቆም ግን የሙቀት ጌጁ ሲወጣ ታየዋለህ።

ጠያቂ፦ ገባኝ። የፓወር ስቲሪንጉ ቱቦስ?

መልስ፦ የአንተ ቱቦ በ1990ው የስቲሪንግ ፓምፕ አይገባም፤ ያኛው ኦ-ሪንግ (የጎማ ቀለበት) ያለው ሜትሪክ (በሚሊሜትር የሚለካ) ጥርስ ነው። አዳፕተር ፈልግ እንጂ በቴፍሎን ቴፕ ጠቅልለህ አታስገድደው። ችንጋውን ደግሞ መጨረሻ ላይ ግዛ፦ ቴንሽነሩን መሃል ላይ አቁመህ በመንገዱ ሁሉ ገመድ ዙርበትና ለካ። ከዚያ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ፑሌጃዎቹ ላይ አጋድም፤ አንዱ ትንሽ ከወጣ ችንጋው ይጮኻል፣ ጠርዙም ይበጣጠሳል።