የፑድል መነሻ ጀርመን ነው ወይስ ፈረንሳይ? መዝገቡስ ይስተካከል?

አወያይ፦ ፑድል የተባለውን ጸጉረ ጥቅልል ውሻ ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) የፈረንሳይ ዝርያ አድርጎ መዝግቦታል። የአሜሪካው የውሻ ክለብ (ኤኬሲ) በበኩሉ ውሻው መጀመሪያ በጀርመን የዳክዬ አዳኞች ረዳት እንደነበረ ይገልጻል። የፌዴሬሽኑ መዝገብ መስተካከል አለበት ወይስ ባለበት መጽናት ይገባዋል?

ብርሃኑ፦ መስተካከል አለበት ባይ ነኝ። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ለንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የተዋጋው፣ ከጀርመን መሳፍንት ቤት የተወለደው ልዑል ሩፐርት፣ ቦይ የተባለ ነጭ ውሻ ነበረው፤ ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ውሻ ከፑድል ወገን ይቆጥሩታል። ልዑሉ በኦስትሪያዋ የሊንዝ ከተማ ታስሮ ሳለ ያገኘው ይህ ውሻ እስከ ጦር ሜዳ ተከትሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1644 ማርስተን ሙር ላይ ተገድሏል። ስለዚህ ፈረንሳይ ውሻውን የቤተ መንግሥት ጌጥ ከማድረጓ በፊት በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ሰናይት፦ አቶ ብርሃኑ፣ ያቀረቡት ማስረጃ ለያዙት አቋም የሚያግዝ አይመስለኝም። ውሻውን በእስር ላይ ለነበረው ልዑል በስጦታ የሰጠው እንግሊዛዊው ሎርድ አሩንዴል ነው፤ በእርስዎ አካሄድ ከሄድን እንግሊዝም ድርሻ ልትጠይቅ ነው። አንድ ውሻ በአንድ አገር መገኘቱ ዝርያው እዚያ መፈጠሩን አያረጋግጥም። የፌዴሬሽኑ የዝርያ መስፈርት ግን ፑድል ባርቤ ከተባለው የፈረንሳይ የውኃ ውሻ መውረዱን፣ እ.ኤ.አ. በ1743 የባርቤ እንስት በዛሬው የፈረንሳይኛ የፑድል ስም ትጠራ እንደነበር፣ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መለያየታቸውን ይናገራል። ቀለሙን አንድ ወጥ ለማድረግ ትውልድ እየመረጡ የደከሙ አርቢዎችን ሥራ ከመዝገቡ መፋቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ኃይሉ፦ እኔ ከሁለታችሁም የምለየው በጥያቄው አቀራረብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ በውሾች ላይ የምናየው የጸጉር ዓይነት ልዩነት በአብዛኛው ከሦስት ዘረመሎች የሚመነጭ ነው። ጥቅልል ጸጉር የፖርቱጋል፣ የስፔንና የጣሊያን የውኃ ውሾችም መለያ ነው። ዳክዬ የሚታደንበት ረግረግ ባለበት ሁሉ አዳኞች እንዲህ ያለውን ውሻ ይፈልጉት ነበር፤ ጀርመንም አንድ መንግሥት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1871 ነውና ዛሬ ባለው ድንበር የጥንቱን ውሻ መክፈል ታሪክን ማጣመም ነው። ይልቅስ የሚያንገበግበኝ ሌላ ስሕተት ነው። ፌዴሬሽኑ ባርቤን፣ የጣሊያኑን ላጎቶና የፖርቱጋሉን የውኃ ውሻ በስምንተኛው ምድብ ከአዳኞች ጋር ሲያስቀምጥ፣ ፑድልን ብቻውን ለይቶ በዘጠነኛው ምድብ ከቤት አጫዋች ውሾች ጋር አስገብቶታል። ብዙዎች የሚስቁበት የጸጉር አቆራረጥ እንኳ፣ በተለምዶ እንደሚነገረው፣ ሲዋኝ እንዲቀለው ገላውን ላጭተው ደረቱንና መገጣጠሚያዎቹን ከብርድ ለመከላከል የተዉት የአዳኝ ዘዴ ነው።

ብርሃኑ፦ በምድቡ ጉዳይ አቶ ኃይሉን እደግፋለሁ፤ በአገሩ ጉዳይ አቋሜን አልለወጥኩም። ነገር ግን በፌዴሬሽኑ መስፈርት ትንሹ ፑድል ከ24 እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚቆም ሲሆን ትልቁ ከ45 እስከ 60 ይደርሳል። ትንሹንስ ከዳክዬ አዳኞች ጋር እንዴት እንመድበው?

ኃይሉ፦ በቁመት መለየት ይቻላል። ኤኬሲ ራሱ ትንሹን ፑድል ከሁለቱ ትልልቆች ነጥሎ በሌላ ምድብ ይዞታል፤ ትልቁንም በአዳኝ ውሾች ፈተና እንዲሳተፍ ይፈቅድለታል። አንድ ዝርያ በሁለት ምድብ መቀመጡ እዚያ ችግር ካላመጣ፣ ፌዴሬሽኑ ትልቁን ፑድል ከባርቤ ጎን የማይመልስበት ምክንያት አይታየኝም።