የስበት ሞገዱን «አጣርተው ሠሩት» ማለት ይቻላል?

የጅሬኑ፦ እዚህ ጅማ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ መምህር «እ.ኤ.አ. በ2015 ተገኘ የተባለው የስበት ሞገድ (የጠፈር መርገብገብ) ኖይዝ፣ ማለትም የመሣሪያ ሁካታ ነው፤ አጣርተው አጣርተው ሠሩት» ብለው ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበ። ያናድዳል! ለተማሪ እንዲህ ይባላል?

አዌቱ ዳር፦ ምን አጠፉ? ከ35 እስከ 350 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ካስቀረህ የማንም ኖይዝ ሞገድ መስሎ ይወጣል። የኮፐንሃገኑ ኒልስ ቦር ተቋም ተመራማሪዎችም በ2017 ሞገዱን የመዘገበው የአሜሪካው ሊጎ ሁለት ጣቢያዎች ኖይዝ ይዛመዳል ብለው ጽፈዋል። መምህሩ ከኪሳቸው አላወጡትም።

የጅሬኑ፦ ሞገድ መስሎ ይውጣ እሺ። ሁለቱ ጣቢያዎች፣ ሊቪንግስተንና ሃንፎርድ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ በ7 ሚሊሰከንድ ልዩነት፣ ከ35 ተነስቶ 250 ሄርትዝ የሚደርስ አንድ ዓይነት ቅርጽ ፊልተሩ (ማጣሪያው) ከየት ያመጣል? ብርሃን ራሱ በመካከላቸው ለመሄድ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። «ሠሩት» የሚለው ቃል ይነሳ።

ሄርማታ፦ ስለ ኮፐንሃገኑ መልስ ተሰጥቷል። 32 ሰከንዱን ዳታ ጫፍና ጫፉን ቀስ አድርገህ ወደ ዜሮ ሳታወርድ ፎሪየር (ዳታውን በየድግግሞሹ መበተን) ከወሰድክ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ስለማይገጥም የሌለ ዝምድና ይታይሃል።

አዌቱ ዳር፦ መልሱን የሰጡት የሊጎ ሰዎች ናቸው፤ የራሳቸው ጠበቃ። ደግሞ 16 ቀን ዳታ ይዞ «በ203,000 ዓመት አንዴ እንኳ በአጋጣሚ አይደርስም» ማለት ምን የሚሉት ነው?

ሄርማታ፦ የአንዱን ጣቢያ ዳታ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ አንሸራትተህ ከሌላው ጋር ስታነጻጽር የሚገጥመው ሁሉ አጋጣሚ ነው፣ ሞገድ ሊሆን አይችልም። በ0.1 ሰከንድ እርምጃ ደጋግመህ ስታንሸራትት የዓመቱ ቁጥር ይጠራቀማል። በዚያ ሁሉ ውስጥ ያንን የሚያህል አልተገኘም።

አዌቱ ዳር፦ ያው 16 ቀን ተገለባብጦ ነዋ! እኔ ራሴ ዳታውን አውርጄ ሠርቼዋለሁ፣ ግራፉንም ለጥፌላችኋለሁ፤ ምንም ጎልቶ አልወጣም።

ቦሳ ቂጦ፦ ወንድሜ፣ ግራፍህን አየሁት። ኖች (አንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚቆርጥ ፊልተር) የጣልከው 50 ሄርትዝ ላይ ነው። 50 የእኛ ከተማ መብራት ነው፤ የአሜሪካው 60 ነው! የ60ው መስመር እንዳለ ተቀምጦ ሞገዱን ውጦታል።

አዌቱ ዳር፦ ሌላው የሞገድ ጣቢያ ቨርጎ ያለው ጣሊያን ነው፣ እዚያም 50 ነው።

ቦሳ ቂጦ፦ ቨርጎ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 መቼ ሥራ ላይ ነበር? እድሳት ላይ ነበር እኮ። ባለ 4096 ሄርትዙን ፋይል አውርድ። ከረዥም ዳታ የኖይዙን ስፔክትረም (በየድግግሞሹ ያለውን ኃይል) አስላ፣ ፎሪየሩን ለስፔክትረሙ ስኩዌር ሩት አካፍል፣ 60ውንና ተከታዮቹን ቁረጥ፣ ከዚያ ከ35 እስከ 350 አሳልፍ። መጨረሻ ላይ የሃንፎርዱን 7 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ሳበው፣ ምልክቱንም ገልብጠው፤ የሁለቱ ጣቢያዎች የሌዘር ክንዶች የተዘረጉበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ነው።

አዌቱ ዳር፦ ይኸው! «ሳበው፣ ገልብጠው፣ ቁረጠው።» ይህ መሥራት ካልሆነ ምንድን ነው?

የጅሬኑ፦ ኦገስት 17 ቀን 2017 የተመዘገበው ሌላው ሞገድስ? ሞገዱ ባለቀ በ1.7 ሰከንድ ፌርሚ ሳተላይት የጋማ ጨረር አየ፤ ከዚያም ቴሌስኮፖች ብርሃኑን ኤንጂሲ 4993 ጋላክሲ ውስጥ አገኙት። ጨረሩንም ፊልተር ሠራው?

አዌቱ ዳር፦ የ2017ቱን ማን ነካ? እኔ የምለው የ2015ቱን ነው።

ሄርማታ፦ መሣሪያው እኮ ያው ነው፣ ዳታው የሚጠራበት መንገድም ያው ነው። አንዱን ተቀብለህ ሌላውን «ሠሩት» ልትል አትችልም።

አዌቱ ዳር፦ እችላለሁ። በ2015 የመሰከረ ሦስተኛ ወገን የለም።

ቦሳ ቂጦ፦ መጀመሪያ 60ው ላይ ኖች ጥለህ ግራፉን መልሰህ ለጥፍ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።